የአገሩን ባለቤቶች ስትቀበሉ፦ በአውስትራሊያ ጤና ተቋማት ለምትሠሩ ወገኖቼ

በሜልቦርን ምዕራብ በኩል፣ ከፉትስክሬይ እስከ ሰንሻይን፣ በየክሊኒኩና በየአረጋውያን መጦሪያው የእኛን ሰው ታገኛላችሁ። አንዱ ነርስ ነው፣ ሌላዋ ተንከባካቢ፣ ሌላው በር ላይ ስም ይመዘግባል። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ደሴ ነው። እዚህ በአንድ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል በነርስነት እየሠራሁ አዲስ ገቢዎችን የማለማመድ ኃላፊነትም ተሰጥቶኛል። ከሐበሻ ሠራተኞች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «እኔ ራሴ ጥቁር ነኝ፤ ስደተኛም ነኝ። አቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነ ታካሚ ሲመጣ ከሌላው የተለየ ምን እንዳደርግ ነው የሚፈለገው?»

መልሴ የሚጀምረው ደረታችሁ ላይ ከተንጠለጠለው ባጅ ነው። ታካሚዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ከቆዳችሁ ቀለም በፊት የምታየው እርሱን ነው። ባጁ የተቋም ነው፤ ተቋሙ ደግሞ ከቤተሰቧ ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ አለው። ከ1910 ገደማ እስከ 1970 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕፃናት በሕግና በመንግሥት ፖሊሲ ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ በማሳደጊያዎች፣ በሚሲዮኖችና በነጭ ቤተሰቦች ዘንድ እንዲያድጉ ይደረግ ነበር። ገና ከወሊድ ክፍል የተወሰዱም አሉ። ጉዳዩን የመረመረው ብሔራዊ ሪፖርት በ1997 ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ረድ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ነው። ያኔ የተነጠቁት ልጆች ዛሬ የስድሳና የሰባ ዓመት ሰዎች ናቸው። ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ለክትባት ያመጣሉ።

ስለዚህ አንዲት አያት ስለ ልጁ የመኝታ ሰዓት፣ ስለሚኖርበት ቤትና ስለሚመገበው ምግብ ስትጠየቅ ዓይኗ እጃችሁ ላይ ወዳለው እስክሪብቶ ቢሄድ አትገረሙ። የሚጻፈው ነገር ለማን እንደሚደርስ ማወቅ ትፈልጋለች። እዚህ ላይ የምመክረው ቀላል ነገር ነው፤ ማንም አለቃ ሳይፈቅድላችሁ ዛሬውኑ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። የምትጽፉትን ከመጻፋችሁ በፊት ለምን እንደምትጽፉት ንገሯት። የኮምፒውተሩን ማያ ገጽ ወደ እርሷ አዙሩት። ስትጨርሱ አንብቡላትና «የተሳሳተ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቋት። ማዕከላችን ይህን ልማድ ካደረገ ወዲህ በሁለተኛው ጉብኝት የሚነገረን ነገር ከመጀመሪያው እጅግ የሰፋ ሆኗል።

ኢሪሃፔቲ ራምስደን የተባለች የኒውዚላንድ ማኦሪ ነርስ በሙያችን ውስጥ ትልቅ አሻራ ትታለች። የታካሚውን ባህል የሚያከብርና የማያሰጋ አገልግሎት መሰጠቱን የሚፈርደው አገልግሎቱን የተቀበለው ሰው እንጂ ሰጪው አይደለም የሚለው መርህ በእርሷ ሥራ ተነሥቶ የሁለቱንም አገሮች የነርሶች ሥልጠና ለውጧል። በአውስትራሊያ ከ2018 ጀምሮ በነርሶችና አዋላጆች የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ተካቷል። እኔ ደግ መሆኔ፣ ፈገግታዬ፣ እንግዳ ተቀባይ ከሆነ ሕዝብ መወለዴ በዚህ ሚዛን ብቻውን አይመዘንም። ሰውየው ወጥቶ ለዘመዶቹ «እዚያ ሂዱ» ካላቸው ሠርተናል ማለት ነው። «አልመለስም» ካለ ግን ምስክር ወረቀታችን አያድነንም።

ጥያቄውን መጠየቅ

በየመመዝገቢያ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የአቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ትውልድ አለዎት?» ብዙ የእኛ ልጆች ይህን ሲጠይቁ ያፍራሉ። ወይ ይዘሉታል፣ ወይ የሰውየውን ፊት ዓይተው ራሳቸው ይሞሉታል። ሁለቱም ጉዳት ነው። ጥያቄው ለሁሉም ሰው፣ ለፈረንጁም ለሐበሻውም፣ በአንድ ዓይነት አነጋገርና በዝቅተኛ ድምፅ ይቀርባል። ከጀርባ የተሰለፉት የማይሰሙት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ለምን እንደሚጠየቅ ካላወቃችሁ በልበ ሙሉነት አትጠይቁትም። ምክንያቱ ተጨባጭ ነው። አዎን ያለ ሰው 715 በሚባለው የሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) የአገልግሎት ቁጥር ሙሉ የጤና ምርመራ በየዘጠኝ ወሩ የማግኘት መብት አለው፤ ከዚያም በኋላ የነርስ ክትትል ይከተላል። በመንግሥት የድጎማ ዝርዝር ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችን ለመግዛት ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው በቅናሽ፣ በቅናሽ የሚከፍለው ደግሞ በነፃ የሚያገኝበት ሥርዓትም አለ። መዝጋቢው ስላፈረ ብቻ ይህን ሁሉ ያጣ ታካሚ አይቻለሁ፤ የልብ መድኃኒቱን በሙሉ ዋጋ እየገዛ ወር ከወር ያቆራርጥ ነበር።

መልሱ ከመጣ በኋላ ያለው ነገር ከጥያቄው ይብሳል። «አትመስይም» አይባልም። «ስንት እጅ?» አይባልም፤ ሰውን በደም ክፍልፋይ መለካት ልጆች የተነጠቁበት ዘመን ቋንቋ ነው። ፀጉሯ ወርቃማ፣ ዓይኗ ሰማያዊ የሆነ ታካሚ አዎን ካለች አዎን ነው፤ ክሊኒክ የማንነት ችሎት አይደለም። እኛ ሐበሾች የሰውን አገርና ወገን መጠየቅ እንደ ፍቅር ነው የምናየው። እነርሱም እርስ በርስ ሲገናኙ ወገን ይጠያየቃሉ፤ ያ ግን የእነርሱ ነው። ጠያቂው ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ሲሆን ምርመራ ይመስላል። ራሷ ከነገረቻችሁ በአክብሮት ስሙ፤ የሕዝቧን ስም ጻፉትና ለሚቀጥለው ጊዜ አስታውሱት። በቪክቶሪያና በኒው ሳውዝ ዌልስ ብዙዎች ራሳቸውን ኩሪ ይላሉ፤ ከኩዊንስላንድ የመጡት «መሪ» (Murri)፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ የመጡት ደግሞ ኑንጋር ይላሉ። የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሰዎች የራሳቸው ባህልና ባንዲራ ያላቸው ሌላ ሕዝብ ናቸው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ከበሩ እስከ ወንበሩ

አንዲት እናት በየቀጠሮዋ «አልተገኘችም» እየተባለች ትመዘገብ ነበር። ፋይሏ በቀይ ምልክት ተሞልቷል፤ የሚያስፈራራ ደብዳቤም ሄዶላታል። አንድ ቀን የደም ናሙና ይዤ ስወጣ በመኪና ማቆሚያው ጥግ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር ከልጅ ልጇ ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። ከቀጠሮዋ በፊት ደርሳ ነበር። መጠባበቂያ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ መዝጋቢው መስታወት የዞሩ ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው። «ስሜን ስትጠሩ እሰማለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ዛፍ ሥር ምንም አይሰማም።

አግዳሚ ወንበር ዛፉ ሥር ተተከለ። መዝጋቢዎቹ «ውጭ መጠበቅ ይፈልጋሉ? ስልክዎ ላይ እንደውላለን» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። የውስጡ ወንበሮችም በሩ እንዲታይ ተደርገው ዞሩ፤ የቴሌቪዥኑም ድምፅ ተቀነሰ። ደብዳቤውንም አስቀየርነው። «ቀጠሮዎን ባለማክበርዎ» የሚለው መግቢያ ወጥቶ «አላየንዎትም፤ ደህና ነዎት?» የሚል ገባ። በዚህ ሁሉ ላይ የወጣው ወጪ ከአንድ ቀን የአማካሪ ክፍያ ያነሰ ነው።

ባንዲራውን በተመለከተ፣ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የሆነው የአቦርጂናል ባንዲራ በ1971 በሃሮልድ ቶማስ የተነደፈ ነው። በሩ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ሆኖ ቢታይ መልካም ነው፤ ብዙዎች መጀመሪያ እርሱን እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። ሥዕል ግን ዝም ብላችሁ አትግዙ። ሱቅ የሚሸጠው የነጠብጣብ ሥዕል በአብዛኛው ከመካከለኛው በረሃ፣ በ1971 በፓፑንያ ከተጀመረው የሥዕል እንቅስቃሴ የመጣ ነው። የደቡብ ምሥራቁ ሕዝብ ጥንታዊ ጥበብ በመስመር፣ በእንጨትና ፖሰም በሚባል የዛፍ እንስሳ ቆዳ ላይ የሚቀረጽ ነው። ሜልቦርን ያለው ክሊኒክ የሩቅ ሕዝብ ሥዕል ሰቅሎ «የእናንተን ሰቀልን» ቢል የሜልቦርን አካባቢ ምድር ባለቤቶች ለሆኑት ለኩሊን ሕዝቦች እንግዳ ነገር ነው። የአካባቢውን ሠዓሊ ፈልጉ፤ ዋጋውንም ክፈሉ። «ዎሚንጄካ» የሚለውን የዎይዉሩንግ ቋንቋ የአቀባበል ቃል በር ላይ ለመጻፍ ስታስቡም የቋንቋው ባለቤቶች የሆኑትን የዉሩንጄሪ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ይሁን። በስብሰባ ላይ እንግዳን ወደ ምድሪቱ የመቀበል ሥነ ሥርዓት የሚፈጽሙት የምድሪቱ ባለቤቶች ብቻ ናቸው፤ እኛ ማድረግ የምንችለው ባለቤትነታቸውን ጠቅሶ ማመስገን ነው።

አነጋገር

የታመመበትን ነገር ወዲያው አትጠይቁ። መጀመሪያ ጨዋታ ይቅደም፤ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ። ይህን ያርኒንግ ይሉታል፤ ሥራ ማባከን ሳይሆን ራሱ የምርመራው መግቢያ ነው። በሰላምታ ረጅም ጊዜ ለምንፈጅ ለእኛ ይህ አይከብደንም። ከፈረንጅ ባልደረቦቻችን የምንሻልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ራሳችሁም ትንሽ ንገሩ። አገራችሁን፣ እናታችሁ ያሉበትን መንደር ጥቀሱ፤ ሰው ማንነታችሁን ሳያውቅ ማንነቱን አይሰጣችሁም። ሽማግሌዎቹን የአገሩ ሰው አንቲና አንክል ብሎ ይጠራቸዋል። እናንተም በዚያ መጥራት ትችሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዝምታን አትሙሉት። ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱ ቢዘገይ ሰውየው እያሰበ ነው። ዓይን ለዓይን አለመተያየትም ከንቀት ወይም ከመደበቅ አይቆጠርም፤ ይህን ከአገራችን ገጠር ታውቁታላችሁ። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። በባለሥልጣን ፊት አዎን ብሎ ጥያቄውን መገላገል ለብዙዎች ከልጅነት የተማሩት መከላከያ ነው። ይልቁንም «ቤት ስትደርሱ ይህን መድኃኒት እንዴት ትወስዱታላችሁ?» በሉና ሲያስረዱ አዳምጡ። ሌላም ነገር አለ። በልጅነት የጆሮ ኢንፌክሽን በእነዚህ ማኅበረሰቦች ውስጥ በብዛት ይታያል፤ ካደጉም በኋላ መስማት የሚከብዳቸው አሉ። ስትጠሩት ዝም ያለው ሰው አልሰማ ይሆናል እንጂ አልናቃችሁም። ከእኛ የእንግሊዝኛ አነጋገር ጋር ሲደመር ችግሩ ይብሳል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ሁኑና ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።

የሴት ጉዳይ ለሴት፣ የወንድ ጉዳይ ለወንድ መሆኑ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ጥብቅ ነው። ስለዚህ የማኅፀን ወይም የፕሮስቴት ምርመራ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሰውየው አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ስለ ርኅራኄም ልናገር። የእኛ ሰው ሲራራ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ «አይ ወይኔ!» ይላል፤ አንዳንዴም «ጸሎት ላድርግልዎት» ይላል። ክርስቲያን የሆኑ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ ግን ብዙ ልጆች የተወሰዱት ወደ ሚሲዮን ነውና ታካሚው ራሱ ካልጠየቃችሁ ጸሎታችሁን በልባችሁ አድርጉ። ከመራራት ይልቅ ማክበር ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች እጅግ ረጅም ዘመን አገራቸውን የጠበቁ ሕዝቦች ልጆች ናቸው።

ከሁሉም አደገኛው «ጠጥቶ ነው» የሚለው ግምት ነው። ከአልኮል ጭራሽ የማይደርሱ ብዙ ናቸው። ግራ የተጋባ፣ የሚንገዳገድ፣ አፉ የተሳሰረ ሰው ሲመጣ ስኳሩን ለኩ፣ ሙቀቱን ለኩ፣ ጭንቅላቱን ተመቶ እንደሆነ እዩ። በጃንዋሪ 2016 በኒው ሳውዝ ዌልስ በቱመት ከተማ አንዲት የ27 ዓመት የዊራጁሪ (ከአቦርጂናል ሕዝቦች አንዱ) ተወላጅ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣ ሌሊት ሆስፒታል ሄዳ ፓራሲታሞል ተሰጥቷት ተመለሰች፤ በዚያው ዕለት በደም መመረዝ ሞተች። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ደጋግማ ሄዳ ነበር። በ2019 የሞቱን መንስኤ የመረመረው ፍርድ ቤት የጤና ባለሙያዎች ሳያውቁት የሚይዙትን አድሏዊ ግምት የሚመለከት ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። ለአዲስ ሠራተኛ ሥልጠና ስሰጥ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ሐዘን ሲሆን

ሶሪ ቢዝነስ የሚባለው የሐዘን ሥርዓት ለእኛ ማስረዳት የማያስፈልግ መሆኑ ያጽናናኛል። የአጎት ልጅ ልጅ ሞቶ ቤተሰቡ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወደ ሚልዱራ ወይም ወደ ሼፐርተን ቢነዳ፣ ቀናትም ሳምንታትም ቢቆይ፣ ለቅሶ ደርሶ ለማያውቅ ፈረንጅ አለቃ እንቆቅልሽ ነው፤ ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል። ይህን እውቀት ለሥራ አውሉት። ታካሚው ለቅሶ መሄዱን ሲነግራችሁ ከመጽናናት ቃሉ ቀጥሎ ኢንሱሊኑ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃው ጠይቁ፤ ሐኪሙንም ለተጨማሪው ማዘዣ አሳስቡት። ቁስሉ መታሸግ ካለበት በሚሄድበት ከተማ ያለውን የአቦርጂናል ጤና ድርጅት ራሳችሁ ደውሉለት፤ በሼፐርተን አካባቢ ሩምባላራ አለ። ቀጠሮው ይቆይለት፤ «አልተገኘም» ተብሎ አይመዝገብ።

በአንድ ነገር ግን ከእኛ ይለያሉ። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሟችን ስም መጥራትና ፎቶውን ማሳየት ለተወሰነ ጊዜ የተከለከለ ነው። እኛ ስም እየጠራን ነው የምናለቅሰው፤ እዚህ «እናትህ» ወይም «ያረፉት አዛውንት» ብሎ ማለፍ ይሻላል። ልማዱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቤተሰቡን ጠይቁ። ሌላው ከባድ ነገር የሞተ ሰው ስም ያለበት የቀጠሮ ማስታወሻ ቤተሰቡ ስልክ ላይ መድረሱ ነው። ሞት እንደተሰማ በዚያው ቀን ፋይሉን ዝጉ፤ በማዕከሉ ግድግዳ ላይ የሟቹ ፎቶ ካለም ቤተሰቡን አማክሩ።

ጠያቂ ሲበዛም አትደናገጡ። «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ቅጽ አንድ ስም ብቻ ይቀበላል፤ የእናት እህት እናት በሆነችበት ቤተሰብ ውስጥ ግን ውሳኔው የብዙዎች ነው። ታካሚው ማን ማን እንዲሰማ እንደሚፈልግ በማስታወሻው ክፍል ውስጥ በዝርዝር ጻፉ።

ከእናንተ አቅም በላይ የሚመስለው

ወንበር ማዞር መልካም ነው፤ ዋናው ነገር ግን ውሳኔው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን፣ በ1973 በሜልቦርን ፊትዝሮይ፣ አቦርጂናሎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የጤና አገልግሎቶች የተከፈቱት በሌሎቹ የጤና ተቋማት አድልዎ ይደርስባቸው ስለነበር ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ140 በላይ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አሉ። በብሪዝበን ማኅበረሰቡ ከሆስፒታል ጋር በአንድነት በሚመራው የወሊድ አገልግሎት አንዲት እናት ከእርግዝና እስከ ወሊድ የምታውቃት አንድ አዋላጅ አለቻት፤ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትም ቀንሰዋል። የእኛ ማዕከል ከእነዚህ ጋር መፎካከር የለበትም። ታካሚው ወደ እነርሱ መሄድ ከፈለገ ፋይሉን በፈቃዱ በፍጥነት ላኩ። ወደ እኛ መምጣት ከፈለገም ምክንያት አለው፤ በገዛ ዘመዶቹ ፊት መታየት የማይፈልግበት ጉዳይ ይኖረዋል። ምርጫው የእርሱ ነው።

በሆስፒታሎች ውስጥ ለአቦርጂናል ታካሚዎች የተመደቡ አገናኝ ሠራተኞች አሉ። ስማቸውንና የሥራ ሰዓታቸውን እወቁ፤ ታካሚው እንዲገኙለት ይፈልግ እንደሆነም ጠይቁ። ነገር ግን አቦርጂናል በመጣ ቁጥር «ያንቺ ነው» ብሎ ለአንዲት ሴት መወርወር እርሷን ይገድላታል፣ እናንተንም ያሰንፋችኋል። ታካሚ ሕክምናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሲሄድም «አሻፈረኝ ብሎ ሄደ» ብላችሁ አትዝጉት። ልጆቹን የሚጠብቅለት አጥቶ ይሆናል፤ አንድ ሰው ክፉ ተናግሮት ይሆናል። በነጋታው ደውሉለት፤ ስትደውሉም ለምን ሄድክ ሳትሉ ምን ቢደረግ መቆየት ይችል እንደነበር ጠይቁትና መልሱን ለአለቃችሁ አድርሱ።

ማዕከላችሁ ሽማግሌዎችን ለምክር ሲጠራ ገና ዕቅዱ ባልተጻፈበት ጊዜ መሆኑን ተከታተሉ። ያለቀ ሰነድ ይዞ «ምን ይመስላችኋል?» ማለት ማማከር አይባልም። ለመጡበት ቀን እንደማንኛውም ባለሙያ ይከፈላቸዋል፤ በምሳና በቡና አይታለፍም። ክፍያው የሚዘገየው ብዙ ጊዜ የግብር ቁጥርና የባንክ ቅጽ ለስብሰባው ቀን ስለማይዘጋጅ ነው። ቅጹን ቀደም ብላችሁ ላኩላቸው፤ መሙላት ከከበዳቸው አብራችኋቸው ሙሉ። የሂሳብ ክፍሉንም በዚያው ሳምንት እንዲከፍል ነዝንዙት። የትራንስፖርት ገንዘቡ ደግሞ ከቤታቸው ከመነሣታቸው በፊት እጃቸው መግባት አለበት።